ስለ ማገዶና ስለ ባሕር ዛፍ፤ የእንጨት እጦት የአገርን ኑሮ እንዴት እንደ ለወጠ

የታሪክ ጸሐፊዎች የከተማን መነሣትና መጥፋት በሚናገሩበት ጊዜ ጦርነትን፥ ወረርሽኝንና የነገሥታትን ፈቃድ ያነሣሉ፤ ማገዶን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበረ። ሠራዊቱና ተከታዩ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሰፍሮ ሲቆይ፥ በዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶና ለጎጆ ይቆረጣል፤ የባላገሩም እህል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል። በኋላው የሚቀረው ጉቶና የተራቈተ ኮረብታ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ዛሬም በብዙ ወረዳ የዛፍ ስም ይዞ አንድ ዛፍ የማይታይበት ሜዳ አለ፤ ስሙ ቀርቷል፥ ዛፉ ሄዷል።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወጥተው በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ለጦር ምሽግ የተመቸ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የበረታ፥ ውሃውና እንጨቱም የማይበቃ ነበረ። በ1879 ዓ.ም. ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል፥ ኋላ እቴጌ የሆኑት፥ ከተራራው በታች በፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ። መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። በ1888 ዓ.ም. ከተደረገው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች ስለ በዙ፥ ከተማው ይበልጥ ሰፋ። ሰው በበዛ ቍጥር ምጣዱ በዛ፤ ምጣዱም በበዛ ቍጥር ጽዱና ወይራው እየሸሸ ሄደ። እንጨት ፈላጊው ከዓመት ወደ ዓመት መንገዱ ይርቅበት ጀመር።

እንግዲህ የጥንቱ ልማድ ሊመለስ ተቃርቦ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ደን ባለበት አገር፥ አዲስ ዓለም የሚባል ሌላ ከተማ ቈረቈሩ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ፤ መናገሻውም ወደዚያ ይዛወራል ተብሎ ተወራ። ይሁን እንጂ ሳይዛወር ቀረ፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው፥ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ባለጸጎች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አውጥተው በድንጋይ ቤት ሠርተው ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንዳስመጣው ብዙዎች ይናገራሉ። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ነጭና ቀይ ተብሎ በሁለት ወገን ይታወቃል፤ ነጩ ደጋውን ይወዳል፥ ቀዩ ደግሞ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ይስማማል። ጽድና ወይራ ለመጎልመስ የሰው ዕድሜ ሲፈጁ፥ ባሕር ዛፍ በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጣናና ለማገዶ ይደርሳል። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል፤ እንዲህም ሆኖ አንድ ጊዜ የተተከለው ብዙ ጊዜ ይቆረጣል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ እረኛና አጥር ባይኖረውም ያድጋል። ለድኻ ገበሬ ይህ የመጨረሻው ጠባይ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሌላውን ችግኝ ከፍየል ለመጠበቅ የሚያጥረው እንጨት ራሱ ከየት ይመጣል?

ችግኙ ለመኳንንቱና ለባለ ርስቱ ተሰጠ፤ በየግቢውና በየኮረብታው ተተከለ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የመናገሻው ከተማ በቅጠል ተሸፈነ፤ እንጦጦም የባሕር ዛፍ ደን ሆነ። በዚህ ነገር የተለወጠው የተራራው መልክ ብቻ አይደለም። ከተማው በአንድ ስፍራ ስለ ጸና መንገድ፥ ድልድይ፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሊሠራበት ተቻለ፤ ነገ ለሚነቀል ድንኳን ድልድይ የሚሠራ የለምና። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የሚደርስበት የጸና ከተማ አገኘ። ባቡሩም ቆርቆሮ አመጣ፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቀጥ ያለ ወጋግራ ይፈልጋል፤ ባሕር ዛፍም ከሌላው ዛፍ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። የሣር ክዳን ያለው ክቡ ጎጆ ቀስ በቀስ ባለ አራት ማዕዘን፥ በጭቃ የተመረገ፥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የሆነው በእነዚህ በሁለቱ እንግዶች መገናኘት ነው። ዛሬ በገጠር ጭምር ሰው “ቤት ሠራሁ” ሲል ይኸው ቤት ነው የሚታሰበው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ግን ለሁሉ እኩል አልደረሰም። መሬት ያለው ዛፍ ተክሎ ከበረ፤ መሬት የሌለው ቅጠልና ጭራሮ ለቃሚ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ሸክሙ የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። በእንጦጦ አቀበት ላይ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፥ ወገባቸው ጐብጦ ወደ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዘመን የከተማውን ምድጃ አንድደዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጭነቱን የሚለቅሙት ከተከለከለ ደን ስለ ሆነ፥ ከሸክሙ ሌላ የደን ጠባቂ ፍርሃት ነበረባቸው። ከተማውን ከመፍለስ ያዳነው ዛፍ ነው ሲባል፥ ዛፉን ተሸክሞ ያወረደው ማን እንደ ሆነ አብሮ መነገር ይገባዋል።

በዛፉም ላይ ክስ ተነሣ። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ስለማያራግፍና ሥሩም ስለሚጠልቅ በበጋም በክረምትም ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ባለበት ስፍራ ከሆነ ደግሞ አብዝቶ ይጠጣል። በረግረግ ቢተከል ረግረጉን ያደርቃል፤ ይህ ጥቅም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በምንጭ አፍ ላይ ቢተከል ግን ምንጩን ይጎዳል። ከሥሩ ሥር ሣርና ሰብል በደኅና አይበቅልም፤ በድንበር ላይ የተተከለ እንደ ሆነ የጎረቤትን ማሳ ያከሳል። ይህ ነገር ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ምንጮች ደረቁ የሚለውን አቤቱታ ሰምቶ፥ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ግን አብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። ባለ ዛፉ ገንዘቡን አይነቅልም፤ ማገዶ ፈላጊውም የሚያነደውን አይጠላም። ምንጭ የደረቀበት ሰው ድምፁ ከሁለቱ ድምፅ ያነሰ ነበረ።

ከዚህ የሚታየው፥ አዲስ ዛፍም ሆነ አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በሚገባበት ጊዜ የሚያስከትለው ነገር በራሱ ጠባይ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው። መሬቱ የማን ነው? ጉልበቱን የሚያወጣው ማን ነው? ደንቡን የሚያወጣውና የሚጠብቀውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በተለያየ መልክ በተመለሱ ጊዜ፥ ያው አንዱ ዛፍ በአንዱ አገር በረከት በሌላው አገር ጠብ ሆኗል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የሆነውን መመልከት ይህን ይገልጸዋል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበረ፥ “መሬት ላራሹ” እያሉ በአደባባይ ወጡ። ጥያቄው ስለ ዛፍ አልነበረም፤ ስለ ጭሰኛ ነበረ። ነገር ግን ጭሰኛ በሰው መሬት ላይ ዛፍ አይተክልም፤ ዛፍ የሚተክል ሰው ከዓመታት በኋላ በዚያ ስፍራ እንደሚኖር የሚያምን ሰው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን መሬቱ በየጊዜው ይሸነሸን ስለ ነበረ፥ ገበሬው ማሳው ነገ ለማን እንደሚደርስ አላወቀም፤ ስለዚህ ከመትከል ታቀበ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከሆነው ጽኑ ረኃብ በኋላ በወሎ፥ በትግራይና በሌላውም አገር ሕዝቡ እህል እየተከፈለው በተራራ ላይ እርከን ሠራ፥ ብዙም ችግኝ ተከለ። ሥራው ብዙ ነበረ፤ ዛፉ ግን የማን እንደ ሆነ ለተካዩ አልተነገረውም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ በብዙ ስፍራ ይህ የማኅበር ደን በጥቂት ወራት ውስጥ በተከሉት በራሳቸው ሰዎች ተቆረጠ። ሰዎቹን አላዋቂ ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የእኔ ነው ያላሉትን ነገር ጠባቂው በሄደ ጊዜ ወሰዱት እንጂ ሌላ አላደረጉም።

ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትግራይ፥ ኋላም በአማራና በሌሎች ክልሎች ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ተሰጠ። ደብተሩ መሬቱን ለመሸጥ አያስችልም፤ ለልጅ ለማውረስና ያለ ሥጋት ለመያዝ ግን ይረዳል። ከዚህ ወዲህ በደጋው አገር የዛፍ ተክል በጣም በዛ። በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ገበሬዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ዲከረንስ የሚባለውን፥ እርሱም ከአውስትራልያ የመጣውን ዛፍ፥ ምርት በነፈጋቸው ማሳ ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሣር ያጭዳሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከዚያ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። አፈሩም ታድሶ ይገኛል። በዚህ ሥራ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ይሁን እንጂ አገር በሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መንጠልጠሉ አደጋ አለው፤ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን በሽታ ገብቶበት ብዙ ገበሬ ተጎድቷል።

ባሕር ዛፍም በሌላው አገር ከኮረብታው ወርዶ ወደ እርሻ ማሳ ገብቷል። ከእህል ይልቅ አጣና ብር ያመጣልና፤ ማረስ፥ ማረምና መውቃትም የለበትም። የጎረቤቱ ማሳ ግን ጥላ ይወድቅበታል፥ እርጥበቱም ይወሰድበታል። ዛሬ በብዙ ቀበሌ በሽማግሌዎች ፊት ከሚቀርበው የድንበር ክርክር አንዱ ይኸው ነው፤ ሁለቱም ወገን ደግሞ እውነት አለው።

ስለ ደንብ የሚነገረው ከሁሉ የሚያስተምር ነገር የትግራይ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ መንደሮች በጉባኤ ተስማምተው የተራቈቱ ተራሮችን ከለሉ። መከለል ማለት ግንብ ማጠር አይደለም፤ ከብት እንዳይገባ፥ ዛፍም እንዳይቆረጥ መማማል ነው። ሣሩ በጊዜው እየታጨደ ለአባላቱ ይከፋፈላል፤ ጠባቂ ይቆማል፤ ደንቡን የሚያፈርስ ይቀጣል። ከዚህም ጋር ለሥራ የደረሰ ሰው ሁሉ በየዓመቱ በበጋ ወራት ሃያ ቀን ያህል ያለ ዋጋ እርከን ይሠራል፥ ክትር ይክባል፥ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ይቆፍራል። የዝናቡ ውሃ አፈር ጠርጎ በመውረድ ፈንታ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከዓመታትም በኋላ በተራራው ግርጌ ምንጭ ይፈልቃል። በውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአጽብሐ መንደር ሕዝብ ከድርቅ ብዛት የተነሣ ወደ ሌላ አገር ይፈልሳል እስኪባል ደርሶ ነበር። ሕዝቡ በዚህ ሥራ ከጸና በኋላ ውሃው በቅርብ ቆፍረው የሚያገኙት ሆነ፤ አትክልትና ፍራፍሬም ተተከለ። በ2004 ዓ.ም. መንደሩ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ በረሃማነትን በመከላከል ደንቡ ከዓለም የመጀመሪያውን ሽልማት ተቀበለ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት መብራትና ነዳጅ በተቋረጠ ጊዜ ግን፥ የከተማው ሰው ሳይቀር ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመለሰ፤ ለሠላሳ ዓመት ከተጠበቀው ቍጥቋጦና ዛፍም ብዙው ተቆረጠ። የተራበና የበረደው ሰው መሐላውን ያፍርስ አያፍርስ ብሎ መፍረድ ለማንም አይቀልም። ጉቶው ግን ሥር ስላለው ዳግመኛ ከብት ባይገባበት ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ እርከኑም ፈጽሞ አልፈረሰም።

በሰሜኑ አገር ያለ ጠባቂ ደመወዝ የቆየ ደን ቢፈለግ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ይገኛል። በደቡብ ጎንደር ከሩቅ ሲታይ በታረሰው ሜዳ መካከል እንደ ደሴት የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ ደብር ነው፤ ከሌላው ስፍራ የጠፋው ጽድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ በዚያ አለ። እነዚህም ከብት በዳር በዳሩ እየበላቸው ይጠቡ ስለ ነበረ፥ በአንዳንድ ደብር ምእመናኑ ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ዙሪያውን ካቡ። ማሳው ከድንጋይ ጠራ፥ ችግኙም ከከብት ዳነ።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ዛፍ ነው፤ የዛፉ መጨረሻ ግን ምድጃ ነውና ወደዚያ መግባት ያሻል። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው በእንጀራ መጋገር ያልቃል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን ወደ ሁሉ ወገን ይበትናል፤ ከሙቀቱ ጥቂቱ ብቻ ለሊጡ ይደርሳል፤ ጭሱ ለእናትና በጀርባዋ ላለው ሕፃን ይተርፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች 2020 ዓመት በዓለም ሁሉ ከቤት ጭስ የተነሣ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሞቷል። እንጨት በጠፋበት ስፍራ ደግሞ ኩበት ይነዳል፤ ኩበትም የማሳው ፍግ ነበረ፤ እንግዲህ ዛሬ በምጣድ ሥር የነደደው የከርሞ እህል ነው።

በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው ምርት የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሽ በቅርጽ የሚወጣ ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን ከልሎ እሳቱን ይሰበስባል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም በከተማ ቤት ታውቋል። እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር ወደ ገጠር የሚገባው ለምን በዝግታ ነው ቢሉ፥ ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ገንዘቡን የሚይዘው ባል ነው፤ ጭሱን የምትጠጣውና እንጨቱን የምትሸከመው ሚስት ናት። የሴት ልጅ ጉልበት ዋጋ ስለማይቈጠርለት ማገዶው በነጻ የመጣ ይመስላል፤ ምድጃው ግን ብር ይጠየቅበታል። ለማገዶ በምትሄድበት ሰዓት ከትምህርት የቀረችውን ልጅ መምህሩ በስም ጥሪ መዝገቡ ላይ ያያታል፤ በዚያ መዝገብ ላይ የቀረችበት ምክንያት ቢጻፍ የማገዶውን ዋጋ ለወላጆች ለማሳየት ይጠቅማል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአገሪቱ ሁሉ ችግኝ በዘመቻ ይተከላል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ተማሪዎችም በዚህ ሥራ ዋናዎቹ ናቸው። የተተከለውን ከመቍጠር ይልቅ የጸደቀውን መቍጠር ሥራው ይበዛል፥ ምስጋናውም ያንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የትምህርት ቤት ልጆች ግን ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ወደ ተከሉበት ስፍራ ተመልሰው ሊቈጥሩ ይችላሉ፤ ከሞተው ዘንድ የትኛው በፍየል፥ የትኛው በድርቅ፥ የትኛው በአለመታረም እንደ ሞተ ቢለዩት፥ የከርሞው ተከላ የተሻለ ይሆናል።

ስለ ምንጭ ግን የሽማግሌዎች እውቀት ያስፈልጋል። ምንጩ በልጅነታቸው እስከ የትኛው ወር ይፈስ እንደ ነበረ፥ በዙሪያው ምን ዛፍ እንደ ነበረ፥ ማን መቼ እንደ ቆረጠው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ባሕር ዛፍ ለምንጭ አፍ፥ ለወንዝ ዳርና ለጎረቤት ድንበር አይሆንም፤ ለእርሱ የሚገባው እህል የማያበቅል ጭንጫና ኮረብታ ነው። በምንጭ አጠገብ ዋንዛ፥ ብሳናና የመሳሰለው የአገር ዛፍ ይሻላል። የመንደሩ ጉባኤ በዚህ ነገር የሚከራከር እንደ ሆነ፥ በታኅሣሥና በግንቦት አንድ እንስራ በምንጩ ሥር አስቀምጦ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት መለካት ይቻላል። ልጆቹ ቍጥሩን ከቀኑ ጋር በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፉት፤ የከርሞው መምህር ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ የአምናውን ቍጥር በዚያ ያገኘዋል።